ድሬዳዋና የዱር ጎረቤቶቿ

ድሬዳዋ ቀኑን በጥላ ታሳልፋለች። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አልፎ ግለቱ ሲበርድ ግን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወንበር ይወጣል፣ የመጋላ ሰፈር ይሞላል፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይደራረባል። ጫቱ፣ ሳምቡሳው፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬው እስከ ሌሊት ይሸጣል። ገበያው ሲበተን የሥጋ ቤቱ አጥንት፣ የምግብ ቤቱ ትራፊና የተጣለው ፍራፍሬ መንገድ ዳር ይቀራል። ያን ጊዜ ከተማዋ ተረኛ ነዋሪዋን ትቀበላለች። በስተደቡብ ካሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ተነስቶ፣ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ እየተራመደ፣ ጅብ ይመጣል። ዝቅ ብሎ ጀምሮ ከፍ ብሎ የሚያልቀው ጥሪው ከሩቅ ይሰማል። ውሾች ይንጫጫሉ፤ ዘበኛው ባትሪውን ወደ ጨለማው ያበራል፤ ሁለት ዓይኖች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ሲነጋ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ሲወጡ ከአጥንቱ የሚያገኙት ጥቂት ነው።

ስለ ዱር እንስሳት ሲነሳ ሐሳባችን ፈጥኖ ወደ ሰሜን ተራሮች ዋልያ ወይም ወደ ባሌው ቀይ ቀበሮ ይሮጣል። እነዚህ የአገር ኩራት ናቸው፤ ጥበቃም ይገባቸዋል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በዕድሜው በዓይኑ የሚያያቸው የዱር እንስሳት ግን ጅብና ዝንጀሮ ናቸው። በፓርክ አጥር ውስጥ ሳይሆን በጓሮው፣ በማሳው፣ በሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ይገናኛቸዋል። ርኅራኄያችንም የሚፈተነው እዚያ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ይህን ለማየት ከሚመቹ ከተሞች አንዷ ናት።

ከከተማዋ በፊት የነበሩት

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ ተቆረቆረ። በስተሰሜኗ ወደ ሱማሌና ወደ አፋር የሚዘልቀው ሞቃት ሜዳ አለ። በስተደቡቧ ወደ ደንገጎና ወደ ሐረር የሚወጣው ገደላማ ተራራ ይቆማል። ሜዳውንና ተራራውን የሚያገናኙት የጎርፍ ወንዞች፣ ደቻቱን ጨምሮ፣ ከተማዋን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ውኃ የሚወርድባቸው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ጎዳናዎች ናቸው። የዱር እንስሳም እንደ ሰው ሁሉ የሚመቸውን መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ጅብ ወደ ድሬዳዋ የሚገባው አጥር ጥሶ አይደለም፤ ቀድሞውንም በሚያውቀው መንገድ ነው።

ሰውም ቢሆን በዚህ ስፍራ እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የፖርክ-ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 በፈረንሳዊው ሊቅ ቴያር ደ ሻርዳንና በአንሪ ደ ሞንፍሬድ ለሳይንስ ከታወቀ ወዲህ ተደጋግሞ ተቆፍሯል። በአፈሩ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀይ አፈር ቀለም ቁርጥራጮችና ሰዎች ያደኗቸው የዱር እንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይደርሳል። በግድግዳው ላይ ከዚያ እጅግ ዘግይተው የተሣሉ ሥዕሎች አሉ። ከዚያ ራቅ ብሎ በሚገኘው ለገ ኦዳም የጥንት እረኞች ከብቶቻቸውንና የዱር እንስሳትን በአንድ ዓለት ላይ ሥለዋል። በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ሰውና አውሬ ጎረቤት ሆነው የኖሩበት ዘመን ከከተማዋ 120 ዓመታት ጋር የሚወዳደር አይደለም። አዲሱ ነገር ከተማው ነው፤ ከከተማውም ጋር የመጣው የቆሻሻ ክምር።

ያልተቀጠረው የጽዳት ሠራተኛ

ጅብ በተረታችን ሆዳም፣ ፈሪና ሞኝ ነው። በእምነታችን ውስጥ ደግሞ ከቡዳ ጋር ይያያዛል። በዚህ ስም ብዙ ጅብ ተመርዟል፤ ብዙ ምስኪን ሰውም ተገልሏል። በእንስሳነቱ ሲታይ ግን ጅብ ከታላላቆቹ ሥጋ በሎች መካከል ማኅበራዊ ኑሮው እጅግ የተወሳሰበው ነው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ማዕረጓንም ለልጆቿ ታወርሳለች። አንዱ ሌላውን በድምፁ ይለያል። እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይም ታጠባቸዋለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ጅብ በመርዝ ስትሞት ጉድጓድ ውስጥ የቀሩት ግልገሎቿም በረሃብ ያልቃሉ።

ጥቅሙም በቁጥር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌና በአካባቢዋ የሚኖሩ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚገመት የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ሥጋ እንደሚያስወግዱ አስልቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የመቀሌው ግደይ ይርጋ ነው። በስሌቱ መሠረት ጅቦቹ ያን ሬሳ ባይበሉት ኖሮ በየዓመቱ 5 ሰዎችና 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ይያዙ ነበር። ለሕክምናና ለሞተ ከብት ይወጣ የነበረው ኪሣራም ወደ 52 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። የጅብ ጨጓራ አጥንት ይፈጫል፤ በሬሳ ውስጥ ያሉ ብዙ የበሽታ ተዋሲያንንም ይገድላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ፣ ሬሳ በግማሽ ቀን በሚከረፋበት አየር፣ ይህ ውለታ ምን ያህል እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም።

ያው ተመራማሪ ትግራይ ውስጥ በሠራው ሌላ ጥናት የጅቦችን ኩስ እየለቀመ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምሯል። በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ ቤቶች በሚዘጉበትና አጥንት በሚጠፋበት ወቅት፣ በኩሱ ውስጥ የአህያ ፀጉር በርክቶ ተገኘ። ጾሙ ሲፈታና አጥንቱ ሲመለስ የአህያው ፀጉር ቀነሰ። ጅብ የእኛን የቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ይበላል ማለት ነው፤ ያበዛንለትን ይለቅማል፣ ያሳጣነውን ፍለጋ ደግሞ ወደ በረታችን ይመጣል።

ከዚህ ጥናት ለድሬዳዋ የሚሆን ትምህርት ይወጣል። ቆሻሻ ማጽዳት ግድ ነው፤ ለሰው ጤና ሲባልም ነገ ሊባል አይገባውም። ነገር ግን የቄራና የሥጋ ቤት ተረፈ ምርት በአንድ ሌሊት ቢጠፋ፣ በረቱ ደግሞ እንደተከፈተ ቢቀር፣ ዋጋውን የሚከፍሉት አህያና ፍየል ናቸው። ከዚያ ባለንብረቱ መርዝ ይፈልጋል። መርዙ ጅቡን፣ ውሻውን፣ በሬሳው ላይ የሚያርፈውን ጥንብ አንሳ ሁሉ ይፈጃል። ጥንብ አንሳ በዓለም ዙሪያ እያለቀ ያለ ወፍ መሆኑ ሲታሰብ ጉዳቱ ከሰፈር ያልፋል። ስለዚህ በረት ማጠንከርና ከተማ ማጽዳት ተያይዘው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው።

አህያን ካነሳን አይቀር አንድ የሚያሳፍር ልማድ እንናገር። ዕድሜውን በሙሉ ውኃና እህል ተሸክሞ ያገለገለ አህያ ሲያረጅ ወይም ሲሰበር ሜዳ ላይ ይጣላል፤ ሌሊት ጅብ በቁሙ ይበላዋል። ጥፋቱ የጅቡ አይደለም፤ የጣለው ሰው ነው። ለዱር አውሬ የሚጠቅም ርኅራኄ ከቤት እንስሳ ይጀምራል።

ሐረርና ድሬዳዋ

ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐረር ለዚህ ጉዳይ የራሷ መልስ አላት። በጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች ጅብ ጂን ይበላል ብለው ስለሚያምኑ ሌሊት በጠባብ ጎዳናዎቻቸው ሲያልፍ አያባርሩትም። በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በግንቡ ዳር ሥጋ በእጅና በአፍ የማብላት ልማድ ተጀምሮ ከተማዋን በዓለም አስጠርቷል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ከእነዚሁ ጅቦች ጋር ሌሊት እየዞረ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።

የሐረር ልማድ ለትውልድ የተላለፈ፣ ቦታና ወግ ያለው፣ እንስሳቱን አንድ በአንድ በሚያውቁ ሰዎች የሚመራ ነው። ይከበራል። ነገር ግን ወደየከተማው ተቀድቶ የሚተከል ዘዴ አይደለም። ጅብን በየመንገዱ ሥጋ ማስለመድ ሰውን የማይፈራ አውሬ ማሳደግ ነው፤ ያ አውሬ ነገ በረንዳ ላይ የተኛ ሕፃን ወይም መጠለያ ያጣ ሰው ሲያገኝ የሚሆነው አሳዛኝ ነው። ድሬዳዋ ከሐረር ልትወርሰው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ጅብን የከተማው የሌሊት አካል አድርጎ መቀበሉንና ሳይደናገጡ መንገድ መልቀቁን።

የገደሉ ማኅበረሰብ

ጅብ የሌሊቱ ጎረቤት ከሆነ የቀኑ ጎረቤት ዝንጀሮ ነው። በዚህ ምሥራቃዊ ቆላ የሚኖረው ሐማድሪያስ የሚባለው ዝርያ ነው። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ ብርማ ጎፈር አለው፤ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ ነው። ሴቷ ቡናማና አነስ ያለች ናት።

የዚህን እንስሳ ማኅበራዊ ኑሮ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ትልቁ ሥራ የተሠራው በድሬዳዋ አቅራቢያ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960 እና 1961 ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በባቡሩ መስመር ላይ ባለችው ኤረር ጎታ ተቀምጦ የዝንጀሮዎቹን ኑሮ አጠና። እሱና ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙት ማኅበረሰብ ደረጃ ያለው ነው። አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጥቂት ቤተሰቦች ጎሳ ይሆናሉ፤ ጎሳዎች ተሰባስበው ቀን አብረው የሚጓዝ ጭፍራ ይመሠርታሉ። ሲመሽ ደግሞ ብዙ ጭፍራዎች በአንድ ገደል ላይ ያድራሉ። ምክንያቱ የገደል ማነስ ነው። ረጅም ዛፍ በሌለበት ቆላ ከነብርና ከጅብ የሚያስጥለው ቀጥ ያለ ዓለት ብቻ ነው፤ እሱም በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ዝንጀሮዎቹ ሲነጋ ለምግብ ይበታተናሉ፤ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ተጉዘው ሲመሽ ወደ ገደላቸው ይመለሳሉ።

ይህ ለከተማ ዕቅድ አውጪ ከባድ ትርጉም አለው። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ኖራ ድንጋይ ሀብት ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም እዚህ ነው። ድንጋይ መቁረጥ አይቆምም። ነገር ግን አንድ የማደሪያ ገደል ሲፈርስ የሚጠፋው የአንድ መንጋ ቤት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ መንጋዎች ማደሪያ ሊሆን ይችላል። ቤት ያጣው መንጋ ወደ ማሳና ወደ መኖሪያ ይጠጋል። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በየትኛው ዓለት ላይ ዝንጀሮ እንደሚያድር መጠየቅ ትንሽ ሥራ ነው፤ የአካባቢው እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂል፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ ገጠሮች ማሽላና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ግን ዝንጀሮን በሳይንስ መጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው። አንድ መንጋ በአንድ ጠዋት የወራት ድካም ሊበላ ይችላል። ማሳ የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ በዚያ ወቅት ትምህርት ይቀራል። ይህን ጉዳት ሳይቆጥሩ ለገበሬ ስለ ጥበቃ መስበክ ፍትሕ አይደለም። ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ይባላል፤ የገበሬውም መቀመጫ ማሳው ነው። ጎረቤታሞች ማሳቸውን በተራ ቢጠብቁ የልጆች ሸክም ይቀላል። ዝንጀሮ የሚወደውን ሰብል ከገደልና ከቁጥቋጦ አርቆ መዝራት፣ በዳር በኩል ደግሞ የማይወደውን መዝራት ይረዳል። የግብርና ባለሙያ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ይህን ቢያቅድ ከጥይትና ከመርዝ ይበልጣል።

ከተሜው ደግሞ በሌላ በኩል ይበድላል። በተራራው መንገድ መኪና አቁሞ ለዝንጀሮ ሙዝና ዳቦ መወርወር ደግነት ይመስላል። ዝንጀሮው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ዳር መዋልን ይማራል። ጥቂቱ በመኪና ይገጫል፤ ጥቂቱ የደፈረ ሆኖ የሴትና የሕፃን እጅ መንጠቅ ይጀምራል፤ በመጨረሻም አስቸጋሪ ተብሎ ይገደላል። ያ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ሙዝ ነው።

መሸጋገሪያ የሆነች ከተማ

የጥንት ግብፆች ሐማድሪያስን የጠቢቡ አምላክ የቶት ምልክት አድርገው ያከብሩት ነበር። በአገራቸው ዝንጀሮ ስለሌለ ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር ያስመጡ ነበር፤ ከሞተም በኋላ አስከሬኑን አድርቀው በመቃብር ያኖሩት ነበር። ከዚህ ምድር የዱር እንስሳትን በሕይወት ወደ ውጭ ማጓጓዝ እንዲህ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ዛሬም አላበቃም።

የዛሬው ሰለባ አቦሸማኔ ነው። በዓለም የቀሩት አቦሸማኔዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 7,100 ይገመቱ ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሱማሌዎች ምድር ግልገሎቻቸው ከእናታቸው ተነጥቀው ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ ይሻገራሉ፤ የሀብታም ቤት ጌጥ እንዲሆኑ። ዋና ማዕከሉ ናሚቢያ የሆነው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተያዙትን ግልገሎች በሐርጌሳ አካባቢ ይንከባከባል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ አዳኝ አውሬን በግል ቤት ማኖር ቢከለከልም ንግዱ አልሞተም። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ያለጊዜው የተነጠቀ ግልገል ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይሞታል፤ ቢተርፍም አደን ስላልተማረ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ታሪክም ከዚህ አይለይም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ስፍራ ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ ይዘልቃል። በሰፈራ፣ በእርሻና በአደን እየተጣበበ ቢሆንም የምሥራቁ ዝሆን ዛሬም በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይመላለሳል። ኢትዮጵያ መጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በእሳት አቃጥላለች። ያ እሳት ጥርስ የሸቀጥ ዋጋ እንደሌለው ለዓለም የተነገረበት ነበር።

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የጭነት መኪና መናኸሪያና የጉምሩክ ኬላ ያላት የንግድ ከተማ ናት። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደን፣ መያዝና መሸጥ ወንጀል ነው። ሕጉን ሥጋ የሚያለብሰው ግን ኬላ ላይ የሚፈትሸው ፖሊስ፣ ጭነት የሚቀበለው ሾፌርና በሰፈሩ በካርቶን ውስጥ የሚጮኽ ግልገል የሰማው ነዋሪ ነው። የተያዘ እንስሳ ደግሞ ሕይወቱ እንዲተርፍ በፍጥነት ወደ ባለሙያ እጅ መድረስ አለበት። በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የተሰኘው ማዕከል ከሰንሰለትና ከሳጥን የተረፉ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ጦጣዎችን ያሳድራል። ከምሥራቅ እስከዚያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ የራሷ ጊዜያዊ ማቆያ፣ ጥላና ውኃ ያለው፣ የእንስሳት ሐኪም የሚደርስበት ቦታ ያስፈልጋታል።

ምን ይደረግ?

ለድሬዳዋ የሚያዋጣት ከማስገደልና ከማስለመድ መሐል ያለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ በአብዛኛው የሚሠራው በእንስሳው ላይ ሳይሆን በሰው ልማድ ላይ ነው።

ነዋሪው የሥጋ ትራፊና አጥንት ክዳን ባለው ዕቃ ያኑር፤ ማታ ወደ ደጅ አያውጣ። ፍየልና አህያ ጣራና ጠንካራ በር ባለው በረት ይደር። ሕፃን ሌሊት ብቻውን ውጭ አይሂድ፤ ደጅም አይተኛ። ከጅብ ጋር ድንገት የተገናኘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ አይሩጥ፤ ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደኋላ ይራቅ። ሾፌር በተራራው መንገድና በወንዝ መሻገሪያዎች ሌሊት ፍጥነት ይቀንስ። ለዝንጀሮ ማንም ምግብ አይወርውር። ውሻ ያለው ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትብ፤ በሽታው ወደ ዱር እንስሳም ይተላለፋል።

አስተዳደሩ ደግሞ የቄራውን ተረፈ ምርት በአጥርና በጉድጓድ ይያዝ፤ መርዝ በየሜዳው መበተንን ይከልክል፤ የድንጋይ መቁረጫ ፈቃድ ሲሰጥ የዝንጀሮን ማደሪያ ገደሎች ይለይ፤ ሰብሉ ለተበላበት ገበሬና ከብቱ ለተበላበት አርብቶ አደር አቤት የሚልበት በር ይክፈት። ሰው ከተጠቃ በኋላ መሣሪያ ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ መዞር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሥራው ቀደም ብሎ፣ በዝምታ፣ በየቀኑ ይሠራ።

በዚህ ምድር ላይ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን በመጀመሪያ ከተተከለባቸው ስፍራዎች አንዱ የድሬዳዋው ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነበር። በረሃ እንዲያለማ የመጣው ዛፍ ዛሬ የአፋርን የግጦሽ ሜዳ ሸፍኗል፤ ሣር በሎቹን የሜዳ አህያና ሳላ እያጣበበ ነው፤ ለአውሬ ደግሞ በከብት አጠገብ መደበቂያ ሆኗል። በአንድ ችግኝ ጣቢያ የተወሰነ ውሳኔ በሰውና በአውሬ መካከል ያለውን ሰላም በሰፊ ምድር ላይ ሊያናጋ እንደሚችል ድሬዳዋ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የድሬዳዋ ሰው በመቻቻሉ የታወቀ ነው። ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ሰፈር ቡናና ጫት እየተካፈለ፣ ቋንቋ እየቀላቀለ ኖሯል። ይኸው ትዕግሥት ለጅቡና ለዝንጀሮውም ይድረስ። እነሱ ከእኛ ፍቅር አይጠይቁም፤ የሚያስፈልጋቸው ያልተመረዘ ሬሳ፣ ያልፈረሰ ገደልና የሚያልፉበት መንገድ ነው። የከተማዋ ከንቲባም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ይህን የሚያነብ ነዋሪም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ፤ የቆሻሻውን ክዳን መክደንና የበረቱን በር መዝጋት።